የአፈ ምስማር አሥራ ሁለት ቀን

ሰውየው እናት አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ ግን ከመታወቂያ ወረቀቱ በቀር የሚጠራበት የለም። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «አፈ ምስማር» ብሎ ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ምላሱ የሚወጋ ተሳዳቢ ይመስለዋል። እሱ ግን ዝንብ እሽ ለማለት ፈቃድ የሚጠይቅ ዓይነት ጨዋ ነው። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ሶፋ ይሠራል። ጨርቁን በእንጨቱ ላይ ወጥሮ ሲመታ ሁለቱም እጆቹ ስለሚያዙ ጥቃቅኖቹን ምስማሮች በአፉ ይይዝና በምላሱ ጫፍ አንድ በአንድ ወደ ከንፈሩ ያወጣቸዋል። እንዲህ ሲሠራ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ደንበኛ ሲመጣም ምስማሮቹን አይተፋም፤ በጥርሱ መሃል እያፏጨ «ለሐሙስ ይደርሳል» ይላል። ለሐሙስ መድረሱ አይቀርም፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ነው የማይታወቀው።

ሚስቱ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ አስተማሪ ናት፤ አግብታ ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ትኖራለች። እሁድ እሁድ ምሳውን የሚበላው እሷ ቤት ነው። ሦስት ዓመት የሞላት የልጅ ልጁ ገና የበሩን ድምፅ ስትሰማ እየሮጠች መጥታ ጉንጯን ትሰጠዋለች፤ እሱም አንዱን ስሞ ሌላውን ቢረሳ ታስመልሰዋለች። በቀሩት ስድስት ቀናት ሥራና ቤት፣ ቤትና ሥራ ነው። እንዲያገባ ያልመከረው ሰው የለም። እሱ ግን «እጄ ላይ ያለው ሥራ ይለቅ» እያለ ዘጠኝ ዓመት አሳለፈ።

ከሥራ ቦታው አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ መንገድ ላይ የሶፋ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት አለች። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ጣቃዎቹ ግን እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ከእሱ አምስት ዓመት ታንሳለች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ የላትም። በምላሷ ማንም አይችላትም። የሶፋ እንጨት የሚሠራለት ጎረቤቱ አናጺ «አፈ ምስማር መባል የነበረባት እሷ ነበረች» ይላል። ጨርቅ ለመግዛት በሳምንት አንዴ ይሄድ የነበረው ሰው ቀስ በቀስ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ መሄድ ጀመረ። የሚሠራው ሶፋ ግን አልጨመረም። አናጺው ይህን ልብ ብሏል።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። መንገዱ ላይ ሰው የሚባል ጠፋ፤ ሴትየዋም ውሃው እንዳይገባባት የሱቁን በር ግማሽ ድረስ አወረደችው። አንድ ደንበኛ አስቆርጦት ሳይወስደው የቀረ ስምንት ሜትር ሰማያዊ ከፋይ መታጠፍ ነበረበትና እንዲያግዛት ጠየቀችው። ረጅም ጨርቅ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ጫፍና ጫፉን ይዘው ይለያዩና ይወጥራሉ፤ ከዚያ አንዱ ወደ ሌላው መጥቶ ጫፉን ያቀብላል። እንደገና ይለያያሉ፤ እንደገና ይገናኛሉ፤ ግን ጨርቁ በታጠፈ ቁጥር መንገዱ ያጥራል። በአራተኛው ላይ በመካከላቸው የቀረው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ማን ቀድሞ ጎንበስ እንዳለ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ብቻ ተሳሳሙ። ጉንጭ ለጉንጭ የሚባለው ዓይነት አልነበረም። ከፋዩም ወለሉ ላይ ወደቀና እንደገና ማጠፍ ግድ ሆነ።

በማግሥቱ አፈ ምስማር ሲሠራ እያንጎራጎረ ነበር። አፉ ውስጥ ምስማር ይዞ የሚያንጎራጉር ሰው አናጺው አይቶ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት ወደ ሱቋ ሲሄድ «እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንቺ» አላት። እሷም አልተቆጣችም፤ በርጩማ አቀረበችለት።

«አንቺ ማለት ከጀመርክ ዘንዳ፣ ነገሩ ሳይገፋ ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ» አለችው። «ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ ካለ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። መድኃኒቴን አንድም ቀን አላጓድልም። ዶክተሮቹ ደሜን ሲመረምሩ ቫይረሱ በመሣሪያ እንኳ አይታይም ይሉኛል። ጤነኛ ነኝ። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው።»

አፈ ምስማር ለጥቂት ጊዜ ጣቃዎቹን ሲያይ ቆየ። ከዚያም ተነሣ፤ ልብሱን አራገፈ፤ «አመሰግናለሁ» አለና ወጣ። የገዛውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ።

የዚያን ሳምንት ነገሩ ሁሉ ለሰሚ ግራ ነው። ሰውየው አላዋቂ አልነበረም። በመሳም እንደማይተላለፍ በየግድግዳው ተጽፎ አንብቧል፤ በሬዲዮ ሰምቷል። ለሌላ ሰው ቢሆን እሱ ራሱ ያስረዳ ነበር። ግን ዓርብ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ በመስታወት ከንፈሩን አየ። ሠላሳ ዓመት ምስማር የተመላለሰበት ከንፈር ነው፤ እዚህ ጭረት፣ እዚያ ቀዳዳ፣ በስተቀኝ በኩል ትናንት የወጋው ቀይ ነጥብ። ግድግዳው ላይ የጻፉት ሰዎች የሶፋ ሠሪ ከንፈር መች አዩና ብሎ አሰበ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰላም ራቀው።

በቀን አራት ጊዜ በጨው ውሃ ይጉመጠመጥ ጀመር። ምስማሮቹን በአፉ መያዝ ትቶ በደረት ኪሱ አደረጋቸው፤ ጎንበስ ባለ ቁጥር ይበተናሉ፤ አንድ ወንበር ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀበት። የስፖንጅ ብናኝ ዕድሜውን ሙሉ ያስነጥሰዋል፤ አሁን ግን ማስነጠሱን ይቆጥር ጀመር። ማክሰኞ አሥራ አንድ ጊዜ፣ ረቡዕ አሥራ ሰባት። ከሳሁ ብሎም ፈራ። መንገድ ዳር ሚዛን ያለው ሰው ዘንድ ሄዶ ሲወጣበት አንድ ኪሎ ቀንሶ ተገኘ። ትንሽ እልፍ ብሎ ሌላ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁለት ኪሎ ጨምሮ አገኘው። ሰው መቼም የሚያምነው የፈራውን ነውና፣ ያመነው የመጀመሪያውን ሚዛን ነው።

እሁድ ልጁ ቤት ሲሄድ ትንሿ እንደ ልማዷ ሮጣ ጉንጯን ሰጠችው። እሱ አናቷን ዳሰሳትና አለፈ። ሕፃኗ ባለችበት ቆማ ቀረች። ምሳ ላይ ደግሞ የራሱን ብርጭቆ ከቤቱ ይዞ መምጣቱን ልጁ አየች። ምነው ብትለው ጉንፋን ይዞኛል አላት። ጉንፋን የያዘው ሰው ብርጭቆ ይዞ መንገድ ለመንገድ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም፤ አስተማሪ ደግሞ ውሸት ለማወቅ ደመወዝ የምትበላ ናት። በሆዷ የከፋ በሽታ ይዞት ሊደብቀኝ ነው ብላ ተጨነቀች።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሰኞ፣ አፈ ምስማር ሊመረመር ቆረጠ። ሰፈር ውስጥ ያለውን ጤና ጣቢያ ትቶ፣ የሚያውቀው ሰው የለም ብሎ ያሰበውን፣ በሁለት አውቶቡስ የሚደረስበትን መረጠ። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አወረደ። ቁጥር ያለበት ካርድ ወሰደና መጠባበቂያው አዳራሽ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ዙሪያውን ያሉት ልጁን የሚያህሉ ወጣቶች ነበሩ። ስልካቸውን ይነካካሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ የሚያላብሰው እሱን ብቻ ነው።

ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ከፊት ረድፍ አንዲት ወፍራም ሴት ዞር አለች። አምና ባለ ሦስት ሰው ሶፋ የሠራላት፣ አራት ሐሙስ ያመላለሳት ደንበኛው ነበረች። አዳራሹ በሙሉ እየሰማ እዚህ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችው።

«ወንበር ልለካ ነው የመጣሁት» አለ።

አንዴ ካለ አለ ነው። ሜትሩ ከኪሱ ተለይቶት አያውቅም። ተነሥቶ አውጥቶ የአዳራሹን ወንበሮች ይለካ ጀመር። ወጣቶቹን እየተነሡ እንዲያሳልፉት ይለምናቸዋል፤ ቁመት ይለካል፤ ወርድ ይለካል፤ በካርዱ ጀርባ ይጽፋል። ሴትየዋ ሦስተኛው ወንበር ሞላው ወጥቶ እንደሚወጋ እየጠቆመች ታግዘዋለች። እንዲህ እየለካ ሳለ የጤና ጣቢያው አስተዳዳሪ ከቢሮው ብቅ አለ። የሚያየውን ማመን አቃተው። ዓመት ሙሉ ወንበር የሚያድስ ሰው ይላክልን እያለ ደብዳቤ ሲጽፍ ኖሯልና የመጣለት መሰለው። እጁን ጨብጦ እንኳን መጡ፣ ስንት ቀን ይፈጃል አለው። አፈ ምስማርም ከልማድ የተነሣ ለሐሙስ ይደርሳል አለ። ይህን ባለ ቅጽበት ቁጥሩ ተጠራ። አስተዳዳሪው ወዴት እንደሚሄድ ሲጠይቀው፣ የውስጡንም ወንበር ልይ ብሎ ገባና በሩን ዘጋው።

ውስጥ ያለችው ነርስ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። እንዲቀመጥ ጋበዘችውና ምን እንዳሳሰበው በቀስታ ጠየቀችው። በአውቶቡስ ሲያዘጋጀው የመጣው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

«ሰው ስሜ ነበር፣ ሲስተር» አለ።

«እሺ ጋሼ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ጨርቁ ወደቀ።»

ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። እየመራች፣ እየጠየቀች ነገሩን ሁሉ አወጣችው፤ ዝናቡን፣ ከፋዩን፣ ሴትየዋ የነገረችውን። ምስማሩ ጋ ሲደርስ ከንፈሩን ገልብጦ አሳያት። በትንሽ መብራት አየችለትና ከጭረት ያለፈ ነገር እንደሌለ፣ ቫይረሱ በምራቅ እንደማይተላለፍ ነገረችው። ደግሞም ሴትየዋ እንዳለችው መድኃኒቷን በደንብ የምትወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ከሆነ፣ እንኳን በመሳም፣ አብረው ቢተኙ እንኳ አይተላለፍም አለችው። አፈ ምስማር ይህን አልሰማም ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገማት። ግን ፍርሃት በአንድ ቃል አይወጣምና ምናልባት የእሷም ከንፈር ደምቶ ቢሆንስ አለ።

«ይደማ ነበር?» አለች ነርሷ።

«ኧረ የእሷ ከንፈርስ...» ብሎ ጀመረና ፊቱ ቀላ። ነርሷ ሳቋን ለመዋጥ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

ለዚህ ነገር ምርመራ እንደማያስፈልገው፣ ሆኖም ልቡ እንዲያርፍ ከፈለገ እንደምታደርግለት ነገረችው። ይደረግ አለ። ጣቱን ስትይዘው ዓይኑን ጨፈነ፤ በቀን ሃያ ጊዜ ምስማር የሚወጋው ሰው ያቺን ትንሽ መርፌ ፈራ። ውጤቱ እስኪታወቅ አንድ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ ነበረበት። መቀመጥ ሲያቅተው የክፍሉን ሁለት ወንበሮች ለካ።

ውጤቱ ነፃ ነው። ነርሷ ምርመራው በደንብ የሚያሳየው ከሦስት ወር በፊት ያለውን መሆኑን፣ ሰው በእርግጥ ለሚያሰጋ ነገር ተጋልጦ ከሆነ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ እሱ ግን ለአንድ መሳም ብሎ ሁለት አውቶቡስ መቀየር እንደሌለበት አስረዳችው። አፈ ምስማር ከደረቱ ላይ ቋጥኝ የተነሣለት ያህል ተነፈሰ። አመሰገነ፤ መረቀ፤ ባርኔጣውን አነሣ።

«ጋሼ» አለች ነርሷ። «ያቺ ሴት ስትነግርዎት ምን አሏት?»

«አመሰግናለሁ አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ጨርቄን ረስቼ ወጣሁ።»

ነርሷ ምንም አላለችም። ምንም አለማለቷ ከስድብ ባሰበት። ሲገባ የነበረው ፍርሃት ሲወጣ ወደ እፍረት ተለወጠ። በአውቶቡስ ሲመለስ ወንበር ሳይዝ ቆሞ ነው የሄደው፤ ባዶ ወንበር ግን ሞልቶ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስለ ራሱ ከንፈር ሲያስብ ስለ እሷ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳላሰበ ያኔ ገባው።

በማግሥቱ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሱቋ ሄደ። ደንበኛ ይዛ ነበር። ደንበኛው ሁለት ሜትር ብቻ የሚፈልግ ሰው ቢሆንም ሱቁ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ሁሉ አወረደችለት። አፈ ምስማር በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሰውየው ሲወጣ ወደ እሱ ዞረች።

«ምን ልታዘዝ?» አለችው። «የረሱት ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።»

«እርስዎ» መባሉ ልቡን ወጋው።

«ፈርቼ ነው» አለ። «ትናንት ተመርምሬ መጣሁ። ነፃ ነኝ አሉኝ።»

«እንኳን ደስ አለዎት።»

«ደስ ሊለኝ አልቻለም።»

ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ጨርቅ ሰበሰበች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ይህን ነገር ለሦስት ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። አንዷ እህቴ ናት፤ አቅፋኝ አለቀሰች። ሁለተኛው ሊያገባኝ የነበረ ሰው ነው፤ እግሬ አውጪኝ አለ። ሦስተኛው አመሰግናለሁ አለኝ። ከሁለቱ ወንዶች የትኛው እንደሚብስ እስካሁን እያሰብኩ ነው።»

አፈ ምስማር ሳይፈልግ ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያውም ደነገጠ። እሷም ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ ታየ። አፌ ምስማር እንጂ ቃል መያዝ አልለመደም፣ ይቅር በዪኝ አላት። ይቅርታውን ወዲያው አልሰጠችውም። አንድ ነገር አደረገችለት፤ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አቀረበችለት። ሲቀመጥ፣ መመላለስ ከፈለገ መመላለስ እንደሚችል፣ ግን ተደብቆ የሚመጣ ሰው እንደማትፈልግ ነገረችው። ስለ ጤናዋ ልጁ እንድታውቅ ፈቅዳለች፤ የምታውቀው ግን ከእሱ አንደበት ይሁን አለች።

እሁድ ምሳ ካለቀ በኋላ ሕፃኗ ስትተኛ ለልጁ ነገራት። ከዝናቡ ጀምሮ እስከ ወንበሮቹ ልኬት ድረስ አንድ ሳያስቀር፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ ነገራት። ሲጨርስ ቀና ቢል ልጁ እያለቀሰች ነው። ደነገጠ። ለካስ ከእፎይታ ነው የምታለቅሰው፤ ሳምንቱን ሙሉ አባቴ ሊሞትብኝ ነው ስትል ነበር የሰነበተችው።

«አባዬ፣ ይህን እኮ እኔ ለአራተኛ ክፍል ነው የማስተምረው» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «የአሥር ዓመት ልጆች በቃላቸው ይዘውታል።»

ከዚያም ተነሥታ ደብተር አመጣችና እንደ ተማሪ አስቀመጠችው። በምን ይተላለፋል፣ በምን አይተላለፍም እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችው። አንዱን ሲስት እንደገና አስጀመረችው። በመጨረሻ ደብተሩን ዘግታ ትወዳታለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ይህን ያለ ስህተት መለሰ። እንግዲያው በሚቀጥለው እሁድ ይዘሃት ና አለችው።

ሴትየዋ በሚቀጥለው እሁድ አልመጣችም፤ ሥራ አለብኝ አለች። በሁለተኛውም አልመጣችም። አፈ ምስማር ግን በየቀኑ ሱቋ ይሄዳል። ጣቃ ያወርዳል፤ ጣቃ ይሰቅላል፤ እሷ «እርስዎ» እያለች ታዘዋለች፤ እሱ «እሺ» ይላል። ቃሉን ሊጠብቅ በጤና ጣቢያው አዳራሽ ምስማሩን በአፉ ይዞ ወንበር ሲመታ ሰነበተ። የጨረሰውም በአምስተኛው ሐሙስ ነው። ጨርቁን የመረጠችለት እሷ ናት፤ እኔ ጤና ጣቢያ ወንበር ላይ ስንት ዓመት ተቀምጫለሁ፣ ቡናማ እንዳያደርጉባቸው፣ ሰው የባሰ ይከፋዋል ብላ አረንጓዴ ሰጠችው።

በሦስተኛው እሁድ መጣች። ልጁ በር ላይ ስትቀበላት ሁለቱም ለአንድ አፍታ ምን እንደሚሉ ጠፋባቸው። የታደገቻቸው ሕፃኗ ናት። እንግዳዋን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ጉንጯን ሰጠቻት። ሴትየዋ አንዱን ስማ ቀና ስትል፣ ሌላውም እንዳለ ተነገራት። ምሳው ላይ ምላሷ ተፈታ፤ አስተማሪዋን እስክታነቅ አሳቀቻት። አፈ ምስማር ደስታው በዛበትና ሊያስተናግድ ብድግ ሲል ውሃውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል እንጂ» አለችው።

አንተ ማለቷን ሁሉም ሰሙ። እሷም ሰማችው። ጨርቅ አምጡ ብላ ልትጠርግ ጎንበስ አለች፤ ቃሉን ግን አልመለሰችውም።

ከስድስት ወር በኋላ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተጋቡ። ምስክሮቹ እህቷና አናጺው ነበሩ፤ አናጺው ሁሉን ከመጀመሪያው አውቅ ነበር እያለ እስከ ዛሬ ያወራል። ሐኪሟ ዘንድ የክትትል ቀኗ ሲደርስ አብሯት ይሄዳል፤ ሁለቱም ሥራ እንዳይፈቱ ማልደው ተነሥተው ወረፋ ይይዛሉ።

አሁን የሚጣሉበት ነገር አንድ ብቻ ነው። ለራሳቸው ቤት ሶፋ ሊሠራ እንጨቱን አስጠረበ፤ ሞላውን ወጠረ፤ ስፖንጁን ቆረጠ። ጨርቁ ላይ ግን መስማማት አልቻሉም። እሱ ግራጫ እድፍ አይታይበትም ይላል፤ እሷ ግራጫ የቢሮ ነው፣ ቀይ ይሁን ትላለች። አምስት ወር አልፎታል። ማታ ማታ ከሥራ መጥተው ጨርቅ ባልለበሰው ስፖንጅ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና እንደገና ይጀምራሉ።